እጄ ከከዳኝ ወዲህ ቤቴን በምን ልያዝ? «ኃይሌ በድካም ይፈጸማል» ስለሚለው ቃል

እናት ከሐይቅ ዳር (ሐዋሳ)፣ ሐምሌ 4

ሰላም ለሁላችሁ። የሦስት ልጆች እናት ነኝ፤ የምኖረው ሐዋሳ ነው። ከአምና ክረምት ጀምሮ የሁለቱም እጆቼ ጣቶች ያብጣሉ፤ ጠዋት ስነሣ ልጨብጥ ብል አይታጠፉልኝም። ሐኪም ቤት «የመገጣጠሚያ ብግነት ነው፤ የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነትን ሲያጠቃ የሚመጣ ነው» ብለውኝ መድኃኒት ጀምሬያለሁ። ጥያቄዬ ግን ስለ ሕመሙ አይደለም፤ ስለ ቤቴ ነው።

ሊጥ ማቡካት አልችልም። አክንባሎ አንሥቼ መክደን አልችልም። የታጠበ ልብስ መጭመቅ፣ የዘይት ክዳን መክፈት፣ ሽንኩርት መክተፍ አልችልም። ትምህርት ቤት ሳይዘጋ የትንሹን ልጄን የዩኒፎርም ቁልፍ መቆለፍ አቅቶኝ የ12 ዓመቷ እህቱ ትቆልፍለት ጀመር። አሁን ልብስ ሲለብስ አንገቱን ቀና አድርጎ የሚቆመው እርሷ ፊት ነው፤ እኔ ፊት መቆም ትቷል። ይህን ሳይ የሚሰማኝን በጽሑፍ ማስረዳት ይከብደኛል።

ሐምሌ 19 ደግሞ ደረሰ። የሐዋሳ ገብርኤልን ንግሥ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሰው ከየአገሩ ይጎርፋል፣ ሆቴሉ ይሞላል፣ ዘመድ ያለው ዘመድ ቤት ያርፋል። የባለቤቴ ወገኖች በየዓመቱ የሚያርፉት እኛ ቤት ነው። ፍራሽ ከሳሎን እስከ በረንዳ ይነጠፋል። እኔም በዚያ ቀን በመስተንግዶዬ የምታወቅ ሴት ነበርኩ። ዘንድሮ ምን ይዤ ልቀበላቸው? ባለቤቴ «አይምጡ እንበላቸው» ይላል። አማቴ ዝም ብለዋል፤ ዝምታቸው ደግሞ ከንግግር ይከብዳል።

አንዲት እህት ልትጠይቀኝ መጥታ «ጸጋዬ ይበቃሃል፤ ኃይሌ በድካም ይፈጸማል ብሏል ጌታ፤ አትዘኚ» ብላኝ ሄደች። ሌላዋ «እምነትሽ ሙሉ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልቆየብሽ» አለችኝ። የመጀመሪያዋ የነገረችኝ ቃል እውነት መሆኑን አምናለሁ። ነገር ግን በእኔ ጓዳ ውስጥ እንዴት ነው የሚፈጸመው? ኃይሉ የቱ ጋ ነው የሚታየው? እንጀራው በማን እጅ ነው የሚጋገረው? የኖራችሁበት ካላችሁ ንገሩኝ።

ሲስተር ከባህል አዳራሽ፣ ሐምሌ 4

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። ጥያቄሽ ስለ ሕመሙ እንዳልሆነ ጽፈሻል፤ ይሁን እንጂ ነርስ ነኝና ጓዳሽን የሚነካውን ያህል ልናገር።

ይህ ሕመም ጠዋት ይብሳል። መገጣጠሚያው ሌሊቱን ሳይንቀሳቀስ አድሮ ይደርቃል፤ እስኪፍታታ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ እንደለመድነው ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ ሥራን መጨረስ ለአንቺ አይሆንም። ሥራሽን ወደ ረፋድ ግፊው። ስትነሺ እጅሽን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ አቆይው። ድስት በጣትሽ አታንጠልጥይ፤ በሁለቱም መዳፍሽ ደግፈሽ ወደ ደረትሽ አስጠጊው። ፌስታል ክንድሽ ላይ አንጠልጥይው እንጂ በጣትሽ አትያዢው። ክዳንም በጣት ከመጠምዘዝ በመዳፍ ተጭኖ ማዞር ይሻላል። ጣቶችሽ ላይ የሚያርፈውን ጫና ስትቀንሺ ሕመሙም ይቀልልሻል።

የተሰጠሽ መድኃኒት ሜቶትሬክሴት ከሆነ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚወሰድ መሆኑን አትርሺ፤ በስሕተት በየቀኑ መውሰድ ለሕይወት ያሰጋል። የጉበትና የደም ምርመራ ቀጠሮሽን በበዓል ምክንያት አታሳልፊ። ልጅ መውለድ የምታስቢ ከሆነም አስቀድመሽ ለሐኪምሽ ንገሪ፤ ይህ መድኃኒት ከእርግዝና ጋር አይሄድም።

ፀበል የምትጠመቂ ከሆነ መድኃኒቱን አታቋርጪ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒትን በተመለከተ ፀበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደሆኑና እንደማይጋጩ በይፋ ተናግረው ነበር። ያ ምክር ለአንቺም ይሆናል።

ዝም አልልም፣ ሐምሌ 5

ቃሉን አከብራለሁ፤ አምንበታለሁም። የሚያንገበግበኝ አጠቃቀሙ ነው። ወንድ ሲታመም ወንበር ይቀርብለታል፤ ሴት ስትታመም ጥቅስ ይቀርብላታል። «ጸጋው ይበቃሻል» ያለችሽ እህት ከመሄዷ በፊት ያደረ ሰሃን አጥባልሽ ነበር? ሐዋርያው ያዕቆብ በ2ኛው ምዕራፍ ስለዚሁ ጽፏል። የዕለት ምግብ ያጣውን ሰው «በደኅና ሂዱ፥ እሳት ሙቁ፥ ጥገቡም» ብሎ በባዶ እጅ መሸኘት ምን ይጠቅማል ይላል። እሳት ሙቁ ተብሎ ብቻ ማንም አልሞቀም።

እህቴ፣ እንግዶቹ ዘንድሮ አይምጡ። ይህን ማለት ኃጢአት አይደለም። ባለቤትሽ ልክ ነው።

የአዳሬ ልጅ፣ ሐምሌ 5

እኔ የወንጌላውያን አማኝ ነኝ፤ ስለ ንግሡ የምለው የለኝም። «ኃይሌ በድካም ይፈጸማል» የሚለውን ስለ ጻፈው ስለ ሐዋርያው ጳውሎስ ግን ልጨምር፤ ቃሉ ያለበት ምዕራፍ፣ 2ኛ ቆሮንቶስ 12፣ በቤታችን ብዙ ተነብቧልና። እናቴ አልጋ ላይ ከዋለች ዓመታት ሆኗታል፤ የምንንከባከባት እኔና ባለቤቴ ነን።

ጳውሎስ ይህን የጻፈው ለቆሮንቶስ ሰዎች ነው። ቆሮንቶስ በሁለት ወደቦች መካከል ያለች የንግድ ከተማ ነበረች፤ ገንዘብና ንግግር አዋቂነት የሚከበርባት። ከእርሱ በኋላ የመጡ ሰባኪዎች በራሳቸው ይመኩ ነበር። እርሱን ግን «ሰውነቱ ሲታይ ደካማ ነው፥ ንግግሩም የተናቀ ነው» ይሉታል፤ ይህን በ10ኛው ምዕራፍ ራሱ ጽፎታል። ስለዚህ «በድካሜ እመካለሁ» ሲል ለተደላደለ ሰው ግጥም እየጻፈ አልነበረም። በሰው ሚዛን ተመዝኖ ቀልሎ ለተገኘበት ክስ የሰጠው መልስ ነው። እህቴ፣ አንቺም ዘንድሮ በመሶብሽ ልትመዘኚ ነው የምትፈሪው። ስለዚህ ምዕራፉ የአንቺ ነው፤ አለቦታው አልተጠቀሰልሽም።

ደግሞም ጳውሎስ ዝም ብሎ አልተቀበለም። «የሥጋዬ መውጊያ» ያለው ሥቃይ እንዲለይለት ሦስት ጊዜ ለመነ። «ይበቃሃል» የተባለው ከለመነ በኋላ ነው፤ ያለውም ጎረቤት ሳይሆን ጌታ ራሱ ነው። ሕመምሽን እንደ እምነት ማነስ ለቆጠረችው እህት ደግሞ ይህን ብታነብብ ደስ ይለኛል፦ ጳውሎስ የብዙ ሰው ሕመም በእጁ ተፈውሶ ሳለ፣ የሥራ ባልደረባውን ጥሮፊሞስን ታሞ በሚሊጢን ትቶት ሄዷል። ጢሞቴዎስንም ስለ ሆዱና ስለ ደጋገመው በሽታው ጥቂት ወይን ጠጣ አለው እንጂ እምነትህ አነሰ አላለውም። አፍሮዲጡም ለሞት እስኪቀርብ ታሞ ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። «እንጀራው በማን እጅ ነው የሚጋገረው?» ብለሻል። ወደ ሮሜ ሰዎች የተላከውን መልእክት በእጁ የጻፈው ማን ነው? 16ኛው ምዕራፍ ላይ ጸሐፊው ራሱ ብቅ ብሎ «ይህን መልእክት የጻፍሁ እኔ ጤርጥዮስ» ብሎ ሰላምታ ያቀርባል። ጳውሎስ ይናገራል፣ ጤርጥዮስ ይጽፋል። ወደ ገላትያ ሰዎች መጨረሻ ላይ ብቻ ብዕሩን ተቀብሎ በራሱ እጅ በትልልቅ ፊደላት እንደጻፈ ይናገራል። ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ነው፤ የሮሜን መልእክት «የጤርጥዮስ ነው» ያለ ሰው አልሰማሁም። ሁላችንም የጳውሎስ ነው እንላለን። የሌላ ሰው እጅ ቢጽፈውም ልቡ፣ ሐሳቡ፣ ፍቅሩ የእርሱ ነውና።

የቤትሽም እንጀራ በሌላ ሰው እጅ ቢጋገር የአንቺ ቤት እንጀራ ነው። እኔ በእናቴ አይቼዋለሁ። ቅቤ ሳነጥር ከአልጋዋ ሆና በሽታው ብቻ «በቃ አውጣው፤ ሊያርር ነው» ትለኛለች። ኮረሪማው መቼ እንደሚገባ፣ ኮሰረቱ ምን ያህል እንደሆነ ከግድግዳው ወዲያ ታዘኛለች። ቤታችን የመጣ ሰው የሚበላው የእርሷን ቅቤ ነው፤ የእኔ ነው ብዬ አላውቅም።

ከአዳማ፣ ሐምሌ 5

እናቴ ተመሳሳይ ሕመም አለባት። የጤርጥዮስን ነገር አሁኑኑ በስልክ ላነብላት ነው። ቀጥሉ።

አባወራ ከመነሃሪያ፣ ሐምሌ 6

እህቴ፣ እኔ በባል በኩል ያለውን ልንገርሽ፤ ባለቤትሽም ቢያነብበው እወዳለሁ።

ባለቤቴ ስትሮክ መትቷት ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ ደከሙ። በመጀመሪያ እንጀራ ከውጭ እንገዛ ነበር። ልጆቹ ይበላሉ፤ እርሷ ግን አንድ ሁለት ጊዜ ትጎርስና ትተወዋለች። ቅሬታዋ እንጀራው ላይ አልነበረም። በራሷ ቤት እንግዳ የሆነች መስሏት ነበር።

ስለዚህ መጋገር ተማርኩ። አስተማሪዬ እርሷ ናት፤ ከወንበሯ ሆና። ዱቄቱን በእርሾ አቦካለሁ፤ ከቀናት በኋላ ላዩ ላይ ያቀረረውን ውኃ እደፋለሁ፤ ከሊጡ ቀንሼ አብሲት እጥላለሁ። አብሲቱ ሲቀዘቅዝ ሊጡ ላይ እመልሰዋለሁ፤ ሊጡ ኩፍ ሲል ትጠራኛለች። ምጣዱን በጎመን ዘር አሰስ አድርጌ፣ ከዳር ጀምሬ እያዞርኩ ወደ መሐል አፈስሳለሁ። እጄ ከፈጠነ ይሳሳል፣ ከዘገየ ይወፍራል። ከዚያ ዓይኑን መጠበቅ ነው። ዓይኖቹ ከዳር እስከ መሐል ሲከፈቱ «አሁን ክደነው» ትለኛለች፤ እከድነዋለሁ። በአክንባሎው ዙሪያ እንፋሎቱ ሲወጣ ዳሩ ራሱ ይነሣል። ለትንሿ ልጃችን እንጎቻ ሳልጋግርላት አልነሣም። ባለቤቴ ደግሞ በግራ እጇ እያንዳንዱን እንጀራ ነካ አድርጋ ታየዋለች። እርሷ ሳታየው መሶብ ውስጥ የገባ እንጀራ የለም።

ሰው ተናገረ? ተናገረ። እኔ ግን በሠርጌ ቀን ካህኑ ፊት የተናገርኩት ቃል ምጣድን አላወጣም ነበር።

እንግዶቹን በተመለከተ ከዝም አልልም ጋር አልስማማም። ይምጡ። ነገር ግን ከመምጣታቸው በፊት ባለቤትሽ ይደውልላቸው፤ ያለውን እንዳለ ይንገራቸው፤ ምን ይዘው እንደሚመጡም ይንገራቸው። «አይምጡ» ለማለት የሚደወለውን ስልክ ለዚህ ይጠቀምበት።

ከታቦር ሥር፣ ሐምሌ 6

ሰንበት ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። እጅ የከበደው ሰው ሲነሣ እኔ የማስታውሰው ዘጸአት 17ን ነው። እስራኤል ከአማሌቅ ጋር ሲዋጉ ሙሴ ኮረብታው ላይ እጁን ያነሣል፤ እጁ ሲነሣ እስራኤል ያሸንፋሉ፤ እጁ ሲወርድ አማሌቅ ያሸንፋል። መጽሐፉ «የሙሴ እጆች ግን ከብደው ነበር» ይላል። ባሕር የተከፈለበት ያ እጅ ነው የከበደው። እግዚአብሔር ለእጆቹ አዲስ ጉልበት አልሰጠም። አሮንና ሆር ድንጋይ አምጥተው አስቀመጡት፤ አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ ሆነው ፀሐይ እስክትገባ ድረስ እጆቹን ደገፉ።

ሙሴ ተቀመጠ፤ ይህን ልብ በዪ። በጦርነት መካከል፣ ሕዝብ እያየው፣ መሪ ሆኖ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «ሰዎች ምን ይሉኛል» ብሎ ደግፉኝ ማለትን ቢተው ኖሮ የሚሸነፈው እርሱ ብቻ አልነበረም።

የቤታችን ችግር ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ደጋፊ ሞልቷል፤ ድንጋዩ ላይ መቀመጥ ግን ያሳፍረናል። በተለይ የቤት እመቤት እንግዳ ባለበት መቀመጥ ነውር ይመስላታል። እኔ እንደማምነው እግዚአብሔር ኃይሉን ከሚገልጥባቸው መንገዶች አንዱ የሌላው ሰው ትከሻ ነው። ማኅበርተኞችሽን አስታውሺ። ለልቅሶ ከሆነ ማንም ሳይጠራቸው ድንኳን ጥለው፣ ድስት ጥደው ያድራሉ። ለድካም ጊዜ የማይመጡት ስላልነገርናቸው ነው።

እናት ከሐይቅ ዳር፣ ሐምሌ 7

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁንም። ሲስተር፣ የጠዋቱ ለብ ያለ ውኃ እውነትም አፍታቶኛል። መድኃኒቴም የተናገርሽው ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ ረቡዕ እወስዳለሁ።

የአዳሬ ልጅ፣ የጤርጥዮስን ነገር ሳስበው አደርኩ። መጽሐፍ ቅዱሴን ገልጬ አየሁት፤ ብዙ ጊዜ አንብቤው አልፌው ነበር። እጄ ሲደክም እኔነቴ አብሮ የተወሰደ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሁለቱን ለይቼ ማየት ጀምሬያለሁ፤ ገና ጀመርኩ እንጂ ጨረስኩ አልልም። ትናንት ሽሮ ሲሠራ ወንበር አስመጥቼ ጓዳ በር ላይ ተቀመጥኩ። እየተቆጣሁ ነበር የተቀመጥኩት፤ ግን ተቀመጥኩ።

አባወራ፣ የጻፉትን ባለቤቴ አነበበው። ሁለት ጊዜ አነበበውና ወጣ። ማታ ሲመለስ «ይህ አብሲት የምትሉት ነገር በምን ያህል ውኃ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

አንድ የሚከብደኝ ቀርቷል፤ ልጄ ናት። 12 ዓመቷ ነው። ክረምት ነው፣ ጓደኞቿ ይጫወታሉ፤ እርሷ ወንድሟን ታለብሳለች፣ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ የእኔን እጅ በቅባት ታሻለች። አንድ ቀን አላጉረመረመችም፤ አለማጉረምረሟ ነው የሚያስለቅሰኝ። እናት ልጇን ታጸናለች እንጂ ልጅ እናቷን ታጸናለች?

ጡረተኛዋ መምህርት፣ ሐምሌ 8

ልጄ፣ በዕድሜ እናትሽ ነኝ። እስካሁን ዝም ብዬ አነበብኩ፤ የመጨረሻው ጥያቄሽ ግን አስነሣኝ።

ልጅ እናቷን ታጸናለች ወይ ብለሽ ጠየቅሽ። ሐምሌ 19 የምናከብረው ምን ሆነና? ቅዱስ ገብርኤል ሕፃኑን ቂርቆስንና እናቱን ቅድስት ኢየሉጣን ከፈላው ውኃ ያወጣበትን ቀን ነው። ውኃው ሲፈላ ድምፁ እንደ ነጎድጓድ ነበር ይባላል። መስፍኑ ወደዚያ ይጣሉ ሲል ኢየሉጣ ያንን ሰምታ ፈራች፤ ልቧ ሊከዳት ደረሰ። አባቶቻችን ይህን ታሪክ ሲተርኩልን የእናቲቱን ፍርሃት አልደበቁትም። ቅድስት ናትና ፈራች ማለት አይገባም ብለው አልቆረጡትም። ያጸናትም ልጇ ነው፤ የሦስት ዓመት ሕፃን። ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣውን አምላክ አስታውሶ እናቱን አበረታት፤ ስለ እርሷም ጸለየ። ከዚያ በኋላ አብረው ገቡ፤ አብረውም ወጡ።

ዕድሜዬን ሙሉ ይህን ታሪክ በንግሡ ቀን ሰምቼዋለሁ። በወጣትነቴ የሚታየኝ መልአኩ ነበር። ባሌ ሞቶ፣ ዓይኔ ደክሞ፣ የልጅ ልጄ ዳዊት እያነበበልኝ ከተኛሁ ወዲህ የሚታየኝ ያቺ እናት ናት። ልጇ ፊት ፈራች፤ ልጇም አልናቃትም። የእርሷ ስም ከእርሱ ስም ጋር እስከ ዛሬ አብሮ ይጠራል።

ልጅሽ እጅሽን ስታሽ የምትማረው ነገር አለ፤ እኔ በክፍል ውስጥ ለማስተማር ብዙ የደከምኩበት ነው። የደከመ ሰው አይጣልም። አንድ ቀን እርሷ ራሷ ስትደክም «አልረባም» ብላ አትደበቅም፤ እናቷን አይታለችና። አመስግኛት። ማታ ስትተኛ ግንባሯ ላይ አማትቢላት። ይህን ለማድረግ የታመመ ጣትም ይበቃል።

ዝም አልልም፣ ሐምሌ 8

እማማ፣ በአክብሮት ነው የምናገረው፤ የጻፉት ልቤን ነክቶታል። ነገር ግን ቂርቆስ እናቱን ያጸናው በቃልና በጸሎት ነው፤ ሽንኩርት በመክተፍ አይደለም። በአገራችን እናት ስትታመም ከትምህርት የምትቀረው ሴት ልጅ ናት፤ ይህ በየሰፈሩ የሚታይ ነው። «የደከመ ሰው አይጣልም» የሚለውን ትምህርት ለምን እርሷ ብቻ ትማረው? እህታችን ሦስት ልጆች አሉኝ ብላለች። የሦስተኛው ስም እስካሁን አልተነሣም። ማን ነው? ስንት ዓመቱ ነው?

ጡረተኛዋ መምህርት፣ ሐምሌ 8

እውነትሽን ነው፣ ልጄ። ያልሽውን እቀበላለሁ። መስከረም ሲጠባ ስንት ጎበዝ ተማሪ ቦታዋ ባዶ ሆኖ አይቻለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ይኸው ነበር። ቡራኬው ለልጅቷ፣ ሥራው ለሁሉም ይሁን።

እናት ከሐይቅ ዳር፣ ሐምሌ 9

ሦስተኛው የ15 ዓመት ወንድ ልጅ ነው። ዛሬ ጠዋት ከአባቱ ጋር ተቀምጠን ተነጋገርን። የወንድሙ ልብስና የልብስ አጠባው የእርሱ ሆኗል። እህቱ ከሰዓት በኋላ ነፃ ናት። ልብሱን ሲጨምቅ በጉልበት ጠምዝዞ ውኃው ጠብ እስከማይል ያደርቀዋል፤ እኔ በደህናዬ ጊዜም እንደዚያ አድርጌ አላውቅም።

የአዳሬ ልጅ፣ ሐምሌ 9

ጌታ ይባርከው። እናቴ ስለ አንቺ ሰምታ ስምሽን ጠየቀችኝ፤ አላውቀውም አልኳት። «እንግዲያው የሐይቅ ዳሯ ብዬ እጸልያለሁ» አለች። ከአልጋዋ ሆና በየማለዳው ስለምትጸልይላቸው ሰዎች ስም ዝርዝር አላት፤ ገብተሻል።

እናት ከሐይቅ ዳር፣ ሐምሌ 12

በጸሎቷ ለምታስታውሰኝ ለእናትህ እጅ ነሥቻለሁ በልልኝ። የክርስትና ስሜ ወለተ ማርያም ነው፤ በዚህ ትጥራኝ።

የደረስንበትን ልንገራችሁ። ባለቤቴ ለወንድሞቹ ደውሎ ያለውን እንዳለ ነገራቸው። ይመጣሉ። ታላቅ ወንድሙ «ለምን እስከ ዛሬ ደበቃችሁን?» ብሎ ተቆጣ፤ ዶሮዎቹን እነርሱ ይዘው ይመጣሉ፣ ሚስቶቻቸው ገብተው ይሠሩታል። አንደኛዋ ምራት ግን «ታዲያ እኛ ሠርተን ከበላን ምኑን በዓል ሆነ?» ማለቷን ሰምቻለሁ። ከፍቶኛል። በዚህ ጉዳይ ልቤን ገና አላሳረፍኩትም፤ ስትመጣ ፊቷን እንዴት እንደማየው አላውቅም። ለዚህ ጸልዩልኝ።

የማኅበሬ ሴቶች ትናንት ተሰብስበው መጡ። እኔ ነኝ ያስጠራኋቸው፤ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ጥሪ አድርጌ አላውቅም። ሁለቱ ፍራሽና ብርድ ልብስ ያመጣሉ፤ አንዷ ድንቹንና ጎመኑን ወስዳለች። እኔ የቅመሙን ልክ እነግራቸዋለሁ፤ እንግዳ እቀበላለሁ፤ ቡናው ሲፈላ ከረከቦቱ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ ጀበናውን ልጄ ታነሣለች።

አማቴስ? ትናንት ከማኅበርተኞቹ ጋር ስንነጋገር ጥግ ላይ ተቀምጠው ሰሙ። ምንም አልተናገሩም። ሴቶቹ ሲወጡ ተነሥተው ጌሾውን ካለበት አወረዱና ፀሐይ ላይ አሰጡት። ለካ ጠላውን ሊጠምቁ ነው። «ቀኑ አይደርስም እኮ» ብላቸው «ይደርሳል» አሉኝ። ከታመምኩ ወዲህ ስለ ቤት ሥራ የተናገሩኝ የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው።

እንጀራው ብቻ ይቀረናል። ባለቤቴ የመጀመሪያውን ጋግሮ አይተነዋል፤ ለቤታችን ይበቃል፤ ለእንግዳ ገና ነው።

አባወራ ከመነሃሪያ፣ ሐምሌ 12

እንጀራው ለእኔ ይተውልኝ። ባለቤቴን አማክሬያታለሁ፤ እሺ ብላለች፤ ሊጡን ነገ ታስቦካኛለች። ስንት ሰው ነው? ባለቤትሽ በግል መልእክት ይጻፍልኝ። የሚችል ከሆነ 18 ከቀትር በኋላ እርሱም ይምጣ፤ ሁለት ምጣድ አለን፣ አንዱ ላይ እርሱ ይቁም።

ሲስተር ከባህል አዳራሽ፣ ሐምሌ 12

የደም ምርመራሽ ቀጠሮ መቼ ነው?

እናት ከሐይቅ ዳር፣ ሐምሌ 13

ሐምሌ 16 ነው፣ ሲስተር። እሄዳለሁ፤ አማቴ አብሬሽ ካልሄድኩ ብለዋል።

አባወራ፣ እግዚአብሔር ለእርስዎም ለባለቤትዎም ይስጥልኝ። ከልጆች ጋር 22 እንሆናለን። ባለቤቴ ዛሬ ማታ ይጽፍልዎታል፤ 18 ከቀትር በኋላ ትልቁን ልጄንም ይዞት ይመጣል፤ መሶቡን የሚሸከመው እርሱ ነው።